የዘሪው እግሮች

የኢዋናሪ ተራራ ለመጨረሻ ጊዜ ከተቆጣ መቶ አሥራ ሰባት ዓመት አልፎት ነበር፤ የኖሳዋ መንደር ሰዎች ግን አሁንም ወደ ጫፉ ጣት አይቀስሩም። የማያውቅ መንገደኛ መጥቶ «ያ ተራራ ማን ይባላል?» ብሎ እጁን ከዘረጋ፣ አጠገቡ ያለው ሰው ቀልጠፍ ብሎ እጁን ይይዝና ዝቅ ያደርግለታል። መልሱን የሚሰጠው በአገጩ እያመለከተ ነው። ሙታን የሚሄዱት ወደዚያ ነው፣ ውሃ የሚመጣው ከዚያ ነው፣ ሩዝ የሚዘራበትን ቀን የሚናገረውም እሱ ነው። እንዲህ ያለ ጌታ ላይ ጣት አይቀሰርም።

ቀኑን የሚናገረው በበረዶው ነው። ብርዱ ላላ ሲል በተራራው ምሥራቃዊ ፊት ላይ በረዶው እየቀለጠ ጥቁር ዓለት ብቅ ይላል። መጀመሪያ ሰፊ የገለባ ባርኔጣ፣ ቀጥሎ የጎበጠ ጀርባ፣ ከዚያ ዘር የሚበትን እጅ፣ በመጨረሻ ሁለት ቀጫጭን እግሮች። ዘሪው ይሉታል። ዘሪው ሙሉ ሰው ሆኖ ሲቆም ኖሳዋ የዘር ሩዟን ትነክራለች። መንግሥት ከከተማ የሚልከውን የቀን መቁጠሪያ ግን የሚለጥፉት በግድግዳው ስንጥቅ ንፋስ እንዳይገባ ነው።

ዘሪው መቆሙን ማወጅ የአንድ ቤት ሥራ ነበር፤ የጊሄይ ቤት። ጊሄይ ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ከአምስት ልጆቹ የተረፈለት ቡንሳኩ ብቻ ነው፤ ሚስቱም ከሞተች ቆይታለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ብርዱ በላላ ቁጥር በየማለዳው ከመንደሩ በላይ ያለው ድንጋይ ላይ ወጥቶ ተራራውን ሲያይ ኖሯል። እሱ ደጁ ላይ የተንጠለጠለውን ደረቅ ጣውላ ሦስት ጊዜ እስኪመታ ድረስ ማንም «ዘሪውን አየሁ» አይልም። ያየም ያላየ መስሎ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል፤ ነውር ነዋ።

ባቡር ወደ ሰሜን በገባ በሁለተኛው ዓመት ዘሪው ሃያ ሦስት ቀን ቀድሞ መጣ።

ጊሄይ በመጀመሪያው ቀን ያየው እግሮቹን ነበር። ባርኔጣው የለ፣ ጀርባው የለ፣ እጁ የለ፤ ከላይ ያለው በረዶ ነጭ እንደሆነ ነው። ሁለት ጥቁር እግሮች ብቻቸውን ቆመዋል። እግሮቹ ያሉት ንፋስ በረዶውን እየጠረገ በሚከምርበት ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ በየዓመቱ ከሁሉም በኋላ የሚቀልጠው ያ ነው። ሌላው አካል ሳይኖር እግር ቀድሞ የታየበትን ዓመት ጊሄይ አያውቅም፣ አባቱም አልነገረውም። ነገሩ አልጥም አለው። ድንጋዩ ላይ እግሩ እስኪደነዝዝ ቆመ፣ ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በማግስቱ ጉም ወረደ፤ አራት ቀን አልተነሳም። በአምስተኛው ማለዳ ሲገለጥ ዘሪው ከነባርኔጣው፣ ከነእጁ ሙሉ ሰው ሆኖ ቆሟል። እንደዚያ ጥርት ብሎ የቆመበት ዓመት የለም።

ጊሄይ ምን ያድርግ? ያለፉት ሁለት ዓመታት ሩዙን ብርድ መትቶት ሰው የጫካ ሥራ ሥር እየቀቀለ ነው የከረመው። ሲያልፍ ሲያገድም ሴቶቹ ፊቱን ይሰልሉታል፤ ቃል አይናገሩም፣ ዓይናቸው ግን ይለምናል። ዘሪው ቀደመ ማለት የብርዱ ወር ሳይመጣ ሩዙ ያፈራል ማለት ነው። «ንፋስ ነው፤ ዘንድሮ ንፋሱ አቅጣጫ ቀይሮ ይሆናል» አለ ለራሱ። ቀጥሎ ደግሞ «ማን አየ?» አለ። ያየ የለም። የእግሮቹን ነገር ሆድ ይፍጀው ብሎ መዶሻውን አነሳና ጣውላውን መታ።

ሦስተኛው ምት ሳያልቅ መንደሩ በእልልታ ተናወጠ።

በወጉ መሠረት ሰባት ወንዶች የመንደሩን የዘር ከረጢቶች ተሸክመው ወጡ። ዘሩ የሚነከረው ከዘሪው እግር ሥር ባለው ኩሬ ነው። ሰባቱ ኩሬውን በገለባ ገመድ ከበው ዘጠኝ ቀን ይጠብቁታል። ከንጹሕ ቤት የመጡ መሆን አለባቸው፤ በቅርቡ ሞት ያልገባበት፣ ልጅም ያልተወለደበት ቤት። ተራራው ሁለቱንም ደም አይወድም። እዚያ ሳሉ ከቤታቸው ሞት ወይም ልደት ከተሰማ፣ ሰውዬው የያዘውን ጥሎ ያንኑ ደቂቃ ይወርዳል።

ከሰባቱ አንዱ ቡንሳኩ ነበር። ሚስቱ ሺኖ ስምንት ወሯ ነው።

«ሚስትህን እግርሽን ገጥመሽ ተኚ በላት!» አለው የጓዱ መሪ ቶኩዞ ከረጢቱን እያሸከመው። ቶኩዞ የጊሄይ እኩያ ነው፤ አፉ አያርፍም። «መሃል ላይ ከወለደች የአንተን ከረጢት ተሸክሜ የምቆመው እኔ ነኝ። ወገቤ ደግሞ የዛሬ ሃያ ዓመት ነው የሞተው።»

«ወር ይቀራታል፣ አጎቴ።»

«ልጅ የአያቱን ጣውላ ከሰማ ይቸኩላል እኮ!»

ሁሉም ሳቁ። ሺኖ እጅጌዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ጊሄይም ሳቀ።

በሦስተኛው ቀን ጊሄይ የእርሻ ቦዩን ሊጠርግ ወርዶ እጁን ውሃ ውስጥ ከተተ። በዚያ ወር የቦዩ ውሃ አጥንት ይሰብራል። እጁ አልቀዘቀዘም። አውጥቶ አየው፣ መልሶ ከተተው። ቦዩ ዳር ባለው በረዶ ላይ እባብ ተዘርግታለች፤ ፀሐይ እየሞቀች ይሁን ሞታ ለማወቅ አልተጠጋም። መጥረጊያውን እዚያው ጥሎ ወደ ገዳሙ ሄደ።

መነኩሴው አባ ኤጁን ሰማንያውን የዘለሉ ናቸው፤ ጆሯቸው ከብዷል፣ ዓይናቸው ግን ያነባል። የሙታን መዝገብ የሚቀመጠው እሳቸው ዘንድ ነው።

«ተራራው የተቆጣባቸውን ዓመታት ያንብቡልኝ» አላቸው ጊሄይ።

«ምነው? ሰው ሞተ?»

«አልሞተም። ያንብቡልኝ ብቻ።»

አባ ኤጁን ሦስት ቦታ ገለጡ። የመጀመሪያው ጥንታዊ ነው፦ አመድ ሁለት ቀን እንደ ዱቄት ዘነበ፣ ፈረሶች ሳር አጥተው አለቁ። ሁለተኛው ላይ ተራራው አሥር ቀን አጉረምርሞ ድንጋይ ወረወረ፤ ሰዉ ስለ ሸሸ የሞቱት ሁለት መነኮሳት ናቸው። ሦስተኛው የዛሬ መቶ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። መነኩሴው መዝገቡን ወደ መስኮቱ ጠጋ አደረጉት።

«"ዘሪው ሃያ ቀን ቀድሞ ቆመ። ከእግሩ ጀምሮ እንደነበር ኋላ ተነገረ። ዘሩ በተነከረ በስድስተኛው ቀን ተራራው ያለ ማስጠንቀቂያ ጎኑን ቀደደ።" ከዚህ በኋላ ስም ነው። አርባ አንድ ስም።»

ጊሄይ ፈጠን ብሎ መለሰ። «ከኛ ቤት አንድም የለም። እኛን ተራራው ይወደናል፣ በዚያ ጊዜም ከቤታችን ሰው አልነካም፤ አባቴ ሁልጊዜ የሚለው ነው።»

«የለም፤ ከእናንተ ቤት አንድም የለም» አሉ አባ ኤጁን። መዝገቡን ዘግተው መዳፋቸውን ላዩ ላይ አሳረፉ። «እኔ ግን ልጅ ሆኜ ይህን ስገለብጥ አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር። በረዶውን ማለዳ ማለዳ የሚያየው አንድ ሰው ነው። ከእግሩ መጀመሩን ለጸሐፊው ማን ነገረው?»

ጊሄይ ተነሳ። መልሱን ግን ያውቀው ነበር፤ የገዛ ቅድመ አያቱ ነው። አይቷል፣ አውቋል፣ ጣውላውን መትቷል፣ ከዚያ የራሱን ሰዎች አሽሽቷል። መቶ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ቤታቸው ሲኮራበት የኖረው ይህ ነው። ጊሄይ ከገዳሙ ሲወጣ እፍረቱ ፊቱን አቃጠለው። እኔ እንደሱ አይደለሁም ብሎ ለራሱ ማለ። ነገ ማለዳ ወጥቶ ለሰባቱም እኩል ሊነግር፣ ዘሩን አሸክሞ ሊያወርዳቸው፣ ከዚያ መንደሩ እንዳሻው ሊያደርገው ቆረጠ። መማሉስ ከልቡ ነበር፤ አይካድም።

ማለዳ ሺኖ የሩዝ ድቡልቡል በቅጠል ጠቅልላ ሰጠችው።

«አባባ፣ በዚህ በረዶ የት ነው?»

«ኩሬው ድረስ።»

«እንግዲያስ ቡንሳኩን ደህና ነኝ ይበሉልኝ፤ ሌሊት ሌሊት ይራገጣል ይበሉት።»

መንገዱ የሦስት ሰዓት ነው። ወፍ የለም። ከሁለተኛው ድልድይ በላይ በረዶው እዚህም እዚያም የድስት አፍ በሚያህል ክብ ቀዳዳ ተበስቷል፤ ከየቀዳዳው ቀጭን እንፋሎት ይወጣል። የድኝ ሽታ አፍንጫውን ወጋው። ጊሄይ ቀና ሲል ዘሪው ጎንበስ ብሎ ከላዩ ቆሟል፣ ከመቼውም ይልቅ የጠቆረ ሆኖ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራው።

ከገለባው ገመድ ሲደርስ ሰዎቹ ጉልበታቸው ድረስ ኩሬው ውስጥ ገብተው ከረጢት ሲያገላብጡ አገኛቸው። ልብሳቸውን አውልቀዋል፤ በዚያ ብርድ ያልባቸዋል።

«እድሜ ይስጥህ!» ብሎ ጮኸ ቶኩዞ፣ አንድ እፍኝ ዘር ወደ ላይ እያነሳ። «ና ይህን እይ! በአራት ቀን ጎነቆለ! ውሃው የመታጠቢያ ቤት ሆኖልሃል። እንዲህ ያለ ዓመት አባቴም አላየ! ዘንድሮ ሩዝ በልተን ሆዳችን ይቀደዳል፣ ጊሄይ፣ ያንተ ሥራ ነው!»

«አያ ጊሄይ ይመስገኑ!» አሉ ሌሎቹ ከወዲያ። አንዱ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳው።

በዚያ አገር ዘር የሚነክር ሰው ሞቅ ያለ ውሃ ካገኘ እጣው ደረሰ ማለት ነው፤ ቡቃያው ይፈጥናል። በተራራ ውስጥ እሳት ሲነድ የሚደሰቱ እነሱ ብቻ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጊሄይ አፉን ከፈተ። ሊል ያሰበውን መንገዱን ሙሉ ሲደጋግመው ነበር፦ እግሮቹን አይቼ ነው የመታሁት፣ አታለልኳችሁ፣ ዛሬውኑ እንውረድ። ዓይኑ ቡንሳኩ ላይ አረፈ። ልጁ ከኩሬው ወዲያኛው ጫፍ፣ ከእንፋሎቱ መሃል ቆሞ ፈገግ ይላል።

ባያምኑኝስ አለ ልቡ። አብዷል ቢሉ፣ ተከራክረው ቢቆዩ፣ ልጄም አብሯቸው ይቆያል። መጀመሪያ እሱ ይውጣ። እሱ ብቻ ይውጣልኝ፣ ከዚያ እናገራለሁ።

«ቡንሳኩ!» አለ፤ ድምፁ ለራሱ እንግዳ ሆነበት። «ሺኖ ወለደች።»

ቡንሳኩ የያዘው ከረጢት ከእጁ ወደቀ። ሰዎቹ ሆታቸውን አቀለጡት። ቶኩዞ ግን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ዘለለ።

«እዚያው ቁም! አንተም ከዚያው ቤት ነህ! ገመዱን እንዳትነካ! ምን ልሁን ብለህ ራስህ መጣህ፣ ጎረቤት አትልክም?»

«ቸኩዬ...»

«አያት መሆን አሰክሮታል! ውጣ አንተ ልጅ፣ ውጣ፣ ዘራችንን ሳታረክስብን! ልብስህን ያዝ!»

ቡንሳኩ ባዶ እግሩን ከገመዱ ወጣ። ጫማውን እንኳ ከገመዱ ማዶ ወረወሩለት።

«ቶኩዞ» አለ ጊሄይ። «ስማኝማ፣ አንድ ነገር...»

«ከወረድን በኋላ ትነግረኛለህ! ከወለደ ቤት የመጣ ሰው እዚህ ቆሞ አያወራም፣ ይህን እኔ ላስተምርህ?» ርኩሰት የሚያርቀውን ጨው ከከረጢቱ ዘግኖ እየሳቀ ደረቱ ላይ በተነበት። ሌሎቹም ዘገኑ። «ሂዱ! ሂዱ! የምንጠጣውን ሳኬ አስቀምጡልን!»

ጨው ፊቱ ላይ ሲያርፍ ጊሄይ ዓይኑን ጨፈነ። አሁንም መጮህ ይችል ነበር። ውሸቴን ነው፣ ልጅ አልተወለደም፣ ተራራው ሊፈነዳ ነው ማለት ይችል ነበር፤ ምላሱን ማንም አልያዘበትም። ግን ቡንሳኩ ገና አሥር እርምጃ እንኳ አልራቀም። ሰማና ተመለሰ ማለት ነው። ትንሽ ይራቅ አለ፤ ከመጀመሪያው መታጠፊያ ዞሬ እመለሳለሁ።

«አባባ፣ ወንድ ነው ሴት?» አለ ቡንሳኩ በሩጫ እየወረደ።

«ሴት።»

«ማንን ትመስላለች?»

«እናትህን።»

ቡንሳኩ ቀጥ ብሎ ቆመና ፊቱን በእጅጌው ሸፍኖ አለቀሰ። ጊሄይ እንዲህ ሲያለቅስ ያየው እናቱን የቀበሩ ዕለት ብቻ ነው። መታጠፊያውን አለፉት። ከዝግባው ሥር ሲደርሱ እመለሳለሁ አለ፤ ዝግባውንም አለፉት። ቡንሳኩ ስም እየመረጠ ነበር፤ አንዱን ይጠራና «ይህስ እንዴት ነው፣ አባባ?» ይላል። ጊሄይ «ጥሩ ነው» ይለዋል።

ሁለተኛው ድልድይ ላይ ቡንሳኩ ቆመ።

«ውሃው የት ሄደ?»

ከድልድዩ ሥር ወንዙ የለም። ድንጋዮቹ እርጥብ ናቸው፣ ዓሣ ይንፈራገጣል፣ ውሃው ግን ጠፍቷል። ጊሄይ ልጁን በትከሻው ይዞ ወደ ትልቁ ዓለት ጥግ ገፈተረው።

መጀመሪያ ድምፅ አልነበረም። መሬቱ አንድ ጊዜ ወደ ላይ ገፋቸውና ለቀቃቸው። ከዚያ ሰማዩ የተቀደደ ያህል ጮኸ። ቡንሳኩ ከዓለቱ ጥግ አንገቱን ሲያወጣ የተራራው ምሥራቃዊ ፊት እየወረደ ነበር፤ ባርኔጣው፣ ጀርባው፣ እጁ፣ በረዶው፣ ጫካው ሁሉ አንድ ላይ ወደ ኩሬው ሸለቆ እየፈሰሰ። ከተቀደደው ጎን ጥቁር ጭስ ተነስቶ ፀሐይዋን ሸፈናት፤ ቀኑ ጨለመ። ትንንሽ ትኩስ ድንጋዮች በረዶው ላይ እየወደቁ ይንጫጩ ጀመር።

«አጎቴ ቶኩዞ!» ቡንሳኩ ወደ ላይ ለመሮጥ ተነሳ። «ሰዎቹ! አባባ፣ ይልቀቁኝ!»

«የት ትሄዳለህ? ሸለቆው የለም!»

«ከዳር ያለ ሰው ይኖራል! ይልቀቁኝ አልኩ!»

ጊሄይ ወገቡን ተጠምጥሞ ያዘው። ጉልበቱ አልበቃውም፣ ልጁ እየጎተተው ሁለት ሦስት እርምጃ ሄደ። ያኔ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ያንኑ ውሸት ደገመው።

«ልጅህን አስብ! ገና አላየሃትም! አባት የሌላት ልታደርጋት ነው?»

ቡንሳኩ መጎተቱን አቆመ። አመድ እየለበሱ፣ አንዱ ሌላውን እየደገፈ ወረዱ።

ናዳው መንደሩን በሁለት እርሻ ስፋት ስቶት ነበር። ሰዉ ብርድ ልብስ በራሱ ላይ ደራርቦ፣ ሴቶች ድስት ደፍተው፣ ሁሉም ወደ ተራራው በሚያወጣው መንገድ ላይ ቆሟል። ከአመዱ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲወጡ ጩኸት ሆነ። የሌሎቹ ስድስት ሰዎች ሚስቶች እየሮጡ መጥተው ከበቧቸው፤ ከኋላቸው ሌላ ሰው ይመጣ እንደሆነ ያያሉ፣ መንገዱ ግን ባዶ ነው። የቶኩዞ ሚስት ኦሴኪ የጊሄይን ክንድ ያዘች።

«አያ ጊሄይ፣ የኛዎቹስ?»

ጊሄይ አፉን የሞላውን አመድ ተፋ።

«ማለዳ ወደነሱ ወጥተህ አልነበር? ሺኖ ነግራኛለች። አውቀህ ነው አይደል የወጣኸው? ልትነግራቸው ነው የወጣኸው! ምን አልካቸው? ለምን አልወረዱም?»

ያኔ ሺኖ ሕዝቡን እየከፈለች ደረሰች። ሮጣ ስለ መጣች ቁና ቁና ትተነፍሳለች፤ በአንድ እጇ ወገቧን ደግፋለች። ሆዷ እንደ ማለዳው ሙሉ ነው። «ተረፍክልኝ» አለችና የባሏን ፊት በእጅጌዋ ትጠርግ ጀመር።

ቡንሳኩ ሆዷን አየ። ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ወደ አባቱ ዞረ፤ ጊሄይ ዓይኑን አልሰበረም፣ ሊሰብር ቢፈልግም አልቻለም።

«ቡንሳኩ፣ አንተ ንገረኝ እንጂ» አለች ኦሴኪ። «አባትህ ምን ብሎ ነው የመጣው?»

«ልጅ ተወለደልህ ብሎ» አለ ቡንሳኩ። «እኔን ብቻ።»

ኦሴኪ የጊሄይን ክንድ ቀስ ብላ ለቀቀችው። አመዱ በጸጥታ ይወርዳል። ስድስቱ ሴቶች አንድ በአንድ ወደ ሺኖ ዞረው ሆዷን ያዩ ጀመር፤ እሷም ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ በሁለት እጇ ሸፈነችው።